ነገም የሚገኝ ወረቀት፦ የጥቁርና ነጭ ጨለማ ክፍል ዕቃዎች ግምገማ

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በገዛ እጁ ማተም የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትኛው ወረቀት እንደሚሻል ነው። እኔም ስጀምር የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ሥራና ከማይናቅ ኪሳራ በኋላ ግን ጥያቄዬ ተለውጦ፣ የትኛውን ወረቀት በሚቀጥለው ወርም ሆነ በሚቀጥለው ዓመት ማግኘት እንደምችል መጠየቅ ጀምሬአለሁ። አንድን ወረቀት ማወቅ ማለት ጥላው የት ላይ እንደሚደፈን፣ ነጩ የት ላይ ባዶ እንደሚቀር፣ እርጥብ ሳለ ከሚታየው ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚጠቁር በእጅ መልመድ ማለት ሲሆን፣ ይህ ዕውቀት የሚገኘው ቢያንስ አንድ ባለ 100 ሉህ ፓኬት ተጠቅመው ከጨረሱ በኋላ ነው። ወረቀቱ ከገበያ ሲጠፋ ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ወረቀትም፣ ስለ ኬሚካልም፣ ስለ መሣሪያም የምሰጠው ፍርድ የዕቃውን ጥሩነት ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ያው ዕቃ ትኩስ ሆኖ ደግሞ መገኘት አለመገኘቱንም ይመዝናል።

ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። ኮዳክ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ወረቀት ማምረት እንደሚያቆም ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በዚያው ዓመት አግፋፎቶ ከሰረ፤ የሀንጋሪው ፎርቴም በ2007 ተዘጋ። ኢልፎርድ ራሱ በ2004 በኪሳራ አስተዳደር ሥር ወድቆ ነበር፤ ዛሬ ወረቀቱን የሚያመርተው በ2005 ሥራውን የተረከበው ሃርማን ቴክኖሎጂ ሲሆን፣ ፋብሪካው የሚገኘው እንግሊዝ አገር ሞበርሊ ውስጥ ነው። በእነዚያ ዓመታት እጃቸውን በአግፋ ወይም በፎርቴ ወረቀት ያሠለጠኑ ሰዎች ሥራውን እንደ አዲስ ሊማሩት ተገደዋል። ዛሬ ምርጫው ጠብቦ በጥቂት ስሞች ላይ ቆሟል፤ ኢልፎርድ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 የተቋቋመው የቼኩ ፎማ አለ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ እንደ አዶክስ ያሉ በአነስተኛ መጠን የሚያቀርቡ አሉ። እኔ በየጊዜው የምገዛው ከመጀመሪያዎቹ ከሁለቱ ነው።

ወረቀት ሲመረጥ መጀመሪያ የሚወሰነው ፕላስቲክ ቅብ ይሁን ወይስ ፋይበር የሚለው ነው። ባለሙያዎች አር ሲ የሚሉት ፕላስቲክ ቅብ ወረቀት ከላይም ከታችም በስስ ፖሊኢቲሊን የተሸፈነ በመሆኑ ኬሚካል ወደ ውስጡ አይጠጣም። ስለዚህ ምስሉን በሚያወጣው ዴቨሎፐር ውስጥ 1 ደቂቃ፣ የወጣውን ምስል በሚያጸናው ፊክሰር ውስጥ ግማሽ ደቂቃ፣ በሚፈስ ውኃ ደግሞ 2 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል፤ ክር ላይ ቢሰቀልም ሳይጣመም ይደርቃል። ፋይበሩ ግን ኬሚካሉን እስከ ልቡ ስለሚጠጣ ለመለቅለቅ ብዙ ውኃና ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ሲደርቅ ደግሞ ጠርዙ እንደ ቅጠል ይጠቀለላል። በአጸፋው በእጅ ሲይዙት ክብደት አለው፤ የኢልፎርድ ፋይበር ክላሲክ መሠረቱ በካሬ ሜትር 255 ግራም ሲሆን የአር ሲው 190 ግራም ነው። ማብረቅረቁም የመስተዋት ሳይሆን የተወለወለ ቆዳ ዓይነት ነው። ፋይበር ካልሆነ እንደ ኅትመት የማይቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። አንድ ጀማሪ በአንድ ምሽት በአር ሲ ላይ 12 ሙከራ አድርጎ ስሕተቱን ሊያይ በሚችልበት ሰዓት፣ በፋይበር ሦስት ወይም አራት ቢሠራ ነው፤ እነርሱንም በትክክል ሊፈርድባቸው የሚችለው ደርቀው ሲያድሩ ነው።

ከአር ሲ ወረቀቶች የዘወትር ምርጫዬ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኢልፎርድ መልቲግሬድ አምስተኛው ትውልድ ነው። መልቲግሬድ የሚለው ስም ከ1940 ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ አንዱ ወረቀት በማጣሪያ ቀለም ብቻ ለስላሳም ጠንካራም ኮንትራስት፣ ማለትም የጥቁርና የነጭ ልዩነት፣ እንዲሰጥ መደረጉ ነው። ኢመልሽኑ፣ ማለትም ለብርሃን የሚነቃው የወረቀቱ ቅብ፣ ለሰማያዊ ብርሃን ሁሉም እኩል የሚነቁ፣ ለአረንጓዴ ግን የንቃታቸው መጠን የሚለያይ ክፍሎች የተቀላቀሉበት ስለሆነ፣ ቢጫ ማጣሪያ ሰማያዊውን ሲከለክል ኮንትራስቱ ይለሰልሳል፤ ማጀንታው አረንጓዴውን ሲከለክል ይጠነክራል። በዚህ ወረቀት የምወደው ከአንዱ የኮንትራስት ደረጃ (ግሬድ) ወደሚቀጥለው ያለው እርምጃ የተመጣጠነ መሆኑን ነው፤ ከ2 ወደ 2 ተኩል ስሄድ ምን እንደሚመጣ አስቀድሜ አውቃለሁ። ከገጽታዎቹ ውስጥ የምመክረው ፐርል የሚባለውን ነው፤ አንጸባራቂው ጥቁሩን ይበልጥ ጥልቅ ቢያደርገውም የጣት አሻራ ሁሉ ይነበብበታል፣ ግድግዳ ላይ ሲሰቀልም የመስኮቱን ብርሃን መልሶ ይተፋል።

የፎማው ፎማስፒድ ቫሪያንት 311 አንጸባራቂ አር ሲ ሲሆን ለልምምድና የፊልሙ ምስሎች ሳይጎሉ በአንድ ሉህ ለሚታተሙበት ለኮንታክት ሺት ዘወትር ከእጄ አይጠፋም። ሲገዙት ማወቅ የሚያስፈልገው ነገር ቢኖር የማጣሪያዎች ቁጥር ከየአምራቹ ወረቀት ጋር የተስማማ መሆኑ ነው፤ በኢልፎርድ ማጣሪያ በግሬድ 3 የታተመ ኔጋቲቭ በፎማ ወረቀት ላይ በዚያው ቁጥር ያንኑ መልክ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ብርሃን የሚሰጥበት ሰዓትም ኮንትራስቱም በሙከራ ቁራጭ እንደገና መፈለግ አለበት። ፎማ ይበልጥ የሚመሰገነው ግን ፎማቶን ኤም ጂ ክላሲክ 131 በሚባለው ፋይበር ወረቀቱ ነው። ሞቃት ቀለም ያለው ይህ ወረቀት ለሰው ፊትና ለአሮጌ ግንብ የተፈጠረ ይመስላል፤ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ያዘነበለ ሲሆን፣ ለዴቨሎፐር ምርጫና ቅጥነት ቶሎ መልስ ስለሚሰጥ ያንኑ ኔጋቲቭ በሁለት መልክ ለማውጣት ያስችላል። ብርሃን የሚፈልገው ግን ከተለመዱት ወረቀቶች በብዙ ይበልጣል፤ ኔጋቲቩን አጉልቶ ወረቀቱ ላይ የሚያበራው ኢንላርጀር አምፖሉ ደካማ ከሆነ ሰዓቱ እስከ ደቂቃ ሊደርስ ስለሚችል ትዕግሥት ለሌለው ሰው አልመክረውም።

ስለ አሮጌ ወረቀት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያታልለው እርሱ ነው። ምርቱ ከቆመ ብዙ ዓመት የሆነው ወረቀት፣ ያልተከፈተ ነው እየተባለ፣ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ይገኛል። እኔም አንድ ጊዜ 100 ሉህ ያለበት ፓኬት፣ የፋብሪካው ማሸጊያ ሳይነካ፣ ከአንድ ሻጭ ገዛሁ። የመጀመሪያውን ቁራጭ በቀዩ መብራት ሥር ዴቨሎፐር ውስጥ ስጨምረው ምስሉ በደንብ ወጣ፤ ችግሩ የወጣው በማዕቀፉ ብረት ተሸፍኖ ምንም ብርሃን ያላየው ነጭ ጠርዝ ላይ ነበር። እርሱም ከምስሉ ጋር አብሮ ቀስ እያለ መጠቆር ጀመረ፣ በመጨረሻም እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ሆነ። መጀመሪያ መብራቴን ጠረጠርሁ፣ ቀጥሎ የበሩን ስንጥቅ በጨርቅ ደፈንሁ፣ ከዚያ ዴቨሎፐሩን ደፍቼ አዲስ በጠበጥሁ፤ ሌሊቱ በዚህ አለቀ። ገንዘቤን ውኃ እንደ በላው የገባኝ በማግሥቱ ነው።

ይህን ሁሉ ድካም የሚያስቀር ፈተና 5 ደቂቃ አይፈጅም። ሴፍላይቱም፣ ማለትም ወረቀቱን የማይነካው የጨለማ ክፍል መብራት፣ ጠፍቶ በፍጹም ጨለማ ከአንዱ ሉህ ሁለት ጠባብ ቁራጭ ይቆረጣል፤ አንዱ በቀጥታ ፊክሰር ውስጥ ይገባል፤ ሌላው ብርሃን ሳያይ ሙሉውን ሰዓት ዴቨሎፐር ውስጥ ቆይቶ፣ የዴቨሎፐሩን ሥራ በሚያቆመው ስቶፕ ባዝ አልፎ፣ ወደ ፊክሰሩ ይከተለዋል። ከዚያ መብራት ተከፍቶ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታያሉ። እኩል ነጭ ከሆኑ ወረቀቱ ጤነኛ ነው፤ ሁለተኛው ከግራጫ ወገን ከሆነ ወረቀቱ በዕድሜ ጭጋግ ለብሷል። ቤንዞትራያዞል የሚባለውን መከላከያ ዴቨሎፐሩ ላይ መጨመር ጭጋጉን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የወረቀቱንም ንቃት ይቀንሳል፣ ለሥራ የሚሆን ወረቀትም አያደርገውም። ተለዋዋጭ ኮንትራስት ያላቸው ወረቀቶች ከጭጋጉ ሌላ ኮንትራስታቸውንም ያጣሉ፤ ግሬድ 5 ተጠይቀው ግሬድ 2 ይመልሳሉ። ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው፤ አሮጌ ወረቀት ሊት (lith) ለሚባለው፣ እጅግ በቀጠነ ዴቨሎፐር ለሚሠራው ልዩ ኅትመት ወይም ለጨዋታ የሚፈልገው ካለ ይግዛ፣ ሥራ ሊማርበት የሚፈልግ ግን አይንካው።

አዲሱንም ወረቀት ሲያዝዙ አንዳንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ብዙ ኅትመት በአንድ መልክ ማውጣት የሚፈልግ ሰው የሚገዛቸው ፓኬቶች የምርት ቁጥራቸው አንድ እንዲሆን ሻጩን ይጠይቅ፤ ለነገሩ ዕቃው ቶሎ የሚዞርለት ሻጭ ይህን ጥያቄ ሲሰማ አይገረምም፣ የሚገረመው ወረቀቱ መደርደሪያ ላይ የሚያረጅበት ነው። መጠንን በተመለከተ ከ20.3 በ25.4 ሴንቲ ሜትር እንዳይወርዱ እመክራለሁ፤ ለትንሽ ኅትመት አራት ቦታ ቆርጦ መጠቀም ይቻላልና። ወረቀት ከፊልም ጋር ሲነጻጸር ለብርሃን እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ በመንገድ ላይ የሚያጋጥመው የኤክስሬይ ፍተሻ ብዙ አያሠጋውም፤ የሚያሠጋው ፓኬቱን ከፍቶ ውስጡን ማየት የሚፈልግ እጅ ነው። ስለዚህ በውጩ ላይ ለብርሃን የተጋለጠ እንደሚበላሽ በጉልህ እንዲጻፍ ሻጩን እጠይቃለሁ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ወረቀት ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢሆን ዕድሜው ይረዝማል፤ ሆኖም ከማቀዝቀዣው ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት ሳይለምድ ፓኬቱ ከተከፈተ ጤዛ ይይዘዋል።

ወደ ኬሚካሉ ስንሻገር፣ ዴቨሎፐር ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የኢልፎርድ መልቲግሬድ ዴቨሎፐር ፈሳሽ ነው፤ 1 እጁ በ9 እጅ ውኃ ቀጥኖ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አር ሲ ወረቀትን በ1 ደቂቃ ይጨርሳል፣ ለፋይበር 2 ደቂቃ ይበቃዋል። ምቹ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የሚያሳዝን ነገር የለውም። ፈሳሽ ግን በመንገድ ይከብዳል፣ ይፈስሳል፣ ከተከፈተ በኋላም ከአየር ጋር እየተዋጋ ይሞታል። ዕቃ በቀላሉ ለማይደርሰው ሰው ከነጠላ ኬሚካሎች መበጥበጥ የተሻለ መንገድ ነው፤ እኔም አሁን በብዛት የምጠቀመው ዲ-72 የተባለውን የኮዳክ የቆየ ቀመር ነው። ለ1 ሊትር ሜቶል 3 ግራም፣ ውኃ አልባ ሶዲየም ሰልፋይት 45 ግራም፣ ሃይድሮኩዊኖን 12 ግራም፣ ሶዲየም ካርቦኔት ሞኖሃይድሬት 80 ግራም፣ ፖታሲየም ብሮማይድ 2 ግራም ይገባበታል፤ ለሥራ 1 እጁ በ2 እጅ ውኃ ይቀጥናል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ ሜቶል ብዙ ሰልፋይት ባለበት ውኃ ስለማይሟሟ መጀመሪያ ሰልፋይት በቁንጥር ብቻ ይጨመርና ሜቶሉ ይከተላል፣ የቀረው ሰልፋይት ሜቶሉ ካለቀለት በኋላ ነው። ውኃው ወደ 50 ዲግሪ ቢሞቅ ሥራውን ያቀልለዋል፤ ሚዛኑ ደግሞ የግራምን አንድ ዐሥረኛ የሚለይ ይሁን። ሜቶል አንዳንድ ሰዎችን ቆዳቸው ላይ ሽፍታ ስለሚያወጣባቸው፣ አንዴ ከጀመረም ስለማይለቅ፣ ያለ ጓንት ወይም ያለ መቆንጠጫ አይሠራም።

የዴቨሎፐር ትልቁ ጠላት አየር ስለሆነ ማስቀመጫው ከምርጫው ይበልጣል። ጠርሙሱ ሁልጊዜ እስከ አፉ ሊሞላ ይገባል፤ ውሕዱ ሲጎድል የልጆች ብይ እየጨመርሁ ደረጃውን ከፍ አደርጋለሁ። ትሪ ላይ የፈሰሰው ደግሞ የዚያ ቀን ነው፣ አያድርም፤ የሻይ መልክ ይዞ ያደረውን ለመጠቀም መሞከር በአንድ ኩባያ ዴቨሎፐር ፈንታ አምስት ሉህ ወረቀት መጣል ነው።

ለስቶፕ ባዝ የተለየ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። በ1 ሊትር ውኃ 15 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ በቂ ነው፤ ይህም የምግብ ግብዓት በሚሸጥበት ሁሉ የሚገኝና ሽታ የሌለው ነው። በፋብሪካ የሚሸጠው ብልጫው ሲደክም ከቢጫ ወደ ወይን ጠጅ የሚለወጥ ማሳያ ቀለም ያለው መሆኑ ብቻ ነው፤ በየሥራው ማብቂያ የሚደፋ ሰው አያስፈልገውም።

ፊክሰር ላይ ግን ማንም እንዲቆጥብ አልመክርም። ሰር ጆን ኸርሼል ታዮሰልፌት የብር ጨዎችን እንደሚያሟሟ የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1819፣ ፎቶግራፍ ገና ሳይታወጅ ነበር፤ የምንጠቀመው ዛሬም በዚያው ነው። ፈጣኑ ፊክሰር አሞኒየም ታዮሰልፌት ሲሆን 1 እጁ በ4 እጅ ውኃ ይቀጥናል። የፊክሰር ክፋቱ ሲደክም አለመናገሩ ነው። ዴቨሎፐር ሲሞት ምስሉ ገርጥቶ ይወጣና ወዲያው ያሳውቃል፤ የደከመ ፊክሰር ግን ኅትመቱን በዕለቱ ምንም ሳያስመስል ያሳልፈውና፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነጩ ላይ ቢጫና ቡናማ እድፍ ይወጣል፤ ያኔ ምንም ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ሉሆችን መቁጠር ግዴታ ነው። እንደ ኢልፎርድ ግምት 1 ሊትር የተቀጠነ ፈጣን ፊክሰር 20.3 በ25.4 የሆነውን አር ሲ እስከ 80፣ ፋይበር እስከ 40 ሉህ ይችላል፤ ለረጅም ዘመን እንዲቆይ የሚፈለግ ፋይበር ከሆነ ግን ቁጥሩ ወደ 10 ይወርዳል። ይህ ብክነት የሚመስለው ሰው ሁለት ትሪ ፊክሰር ይጠቀም፦ የመጀመሪያው ሸክሙን ይወስዳል፣ ሁለተኛው ንጹሕ ሆኖ የተረፈውን ያጸዳል፤ የመጀመሪያው ሲደክም ሁለተኛው በቦታው ይተካና አዲስ ይበጠበጣል። እኔ ከትሪው በላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ለያንዳንዱ ሉህ ጭረት እጭራለሁ፤ በቀዩ መብራት ሥር ቀይ እስክሪብቶ ስለማይታይ ጥቁር እርሳስ መሆን እንዳለበት የተማርሁት አንድ ሙሉ ምሽት ጭሬ መብራት ሳበራ ብቻ ካነበብሁት በኋላ ነው።

ለፊልም ያገለገለ ፊክሰር ለወረቀት አይሁን። ፈጣኑ ፊክሰር በማይገኝበት ጊዜ ሶዲየም ታዮሰልፌት ይተካዋል፤ የመዋኛ ገንዳ ክሎሪን ማርከሻ ሆኖም ይሸጣል። በ1 ሊትር ከ200 እስከ 250 ግራም ይሟሟል፣ ሥራው ግን ዝግ ያለ ነው። ያገለገለው ፊክሰር ውስጡ ብር ስላለ ወደ ፍሳሽ መድፋት ተገቢ አይደለም፤ በማጠራቀሚያ ይዞ ብር ለሚያወጡ ማስረከብ የተሻለ ነው።

በአማርኛ ጠቅላላውን ሥራ ፎቶ ማጠብ ብለን መጥራታችን፣ ሳስበው፣ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል፤ የኅትመት ዕድሜ በእውነትም የሚወሰነው በውኃው ነውና። ፋይበር ወረቀት በውኃ ብቻ ከተለቀለቀ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከ5 ደቂቃ የመጀመሪያ ማለቅለቅ በኋላ ለ10 ደቂቃ በማለቅለቂያ አጋዥ ውስጥ ቢቆይ ግን፣ የመጨረሻው ማለቅለቅ ሌላ 5 ደቂቃ ብቻ ይበቃዋል። አጋዡን መግዛትም ይቻላል፤ እኔ በ1 ሊትር 20 ግራም ሶዲየም ሰልፋይት አሟሙቼ ለዴቨሎፐሩ በገዛሁት ዕቃ እሠራዋለሁ።

የኮንትራስት ማጣሪያዎቹ ከ00 እስከ 5 በግማሽ እርምጃ 12 ናቸው፤ ሙሉውን መግዛት ይሻላል። ያገለገሉ ከሆኑ ወደ ነጭ ግድግዳ አስጠግቶ መሐላቸውን ከጠርዛቸው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ለዓመታት በአምፖል ሙቀት የቆየ ማጣሪያ መሐሉ ይገረጣል። በዚያ ላይ 4 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ሰዓቱን በእጥፍ እንደሚያስጨምሩ ልብ ይሏል።

ሴፍላይት ሲገዛ ደግሞ ቀይ መስሎ መታየቱ በቂ ዋስትና አይሆንም። ለመልቲግሬድ የሚመከረው የኢልፎርድ 902 ማጣሪያ ቀለሙ ፈካ ያለ ቡኒ ሲሆን፣ ባለ 15 ዋት አምፖል ይዞ ከወረቀቱ ቢያንስ 1.2 ሜትር መራቅ አለበት። በጨለማ ወረቀት ላይ ሳንቲም አስቀምጦ ለደቂቃዎች የመጠበቁ ፈተና በሰፊው የታወቀ ቢሆንም በተለመደው አሠራር ያታልላል፤ ትንሽ የመብራት ፍንጣቂ ብቻውን ነጭ ወረቀትን አያጠቁረውም፣ ቀድሞ ብርሃን ያየውን ግን ያጠቁረዋል። ስለዚህ ወረቀቱ መጀመሪያ በኢንላርጀር ቀላል ግራጫ የሚሰጥ ብርሃን ይቅመስና፣ ከዚያ ሳንቲሙ ተቀምጦበት ለ7 ወይም ለ8 ደቂቃ ይቆይ። የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራቱ መራቅ ወይም መለወጥ አለበት።

ኢንላርጀር አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ የዱርስት፣ የሜኦፕታ፣ የቤስለር ያገለገሉ መሣሪያዎች ከእኛ በላይ ዕድሜ ይኖራቸዋል። መታየት ያለበት ዓምዱ የማይንቀጠቀጥ መሆኑ፣ የኔጋቲቭ መያዣውና የሌንስ ሰሌዳው አብረው መኖራቸው፣ አምፖሉም ዛሬ የሚሸጥ ዓይነት መሆኑ ነው። ብዙ ርካሽ ግዥ ከንቱ የሚሆነው በእነዚህ ሦስቱ ነው፤ የጠፋ የኔጋቲቭ መያዣ ከመሣሪያው ይልቅ ብርቅ ሊሆን ይችላል። የቀድሞውን አምፖል በኤልኢዲ የሚተካ ሰው ሁለት ነገር ይጠብቅ፦ የብርሃኑ የሰማያዊና የአረንጓዴ ድርሻ ስለሚለይ የማጣሪያዎቹ ግሬድ ይዛባል፣ አንዳንዱ አምፖልም ከጠፋ በኋላ ለቅጽበት እንደ ፍም ይቆያል። ብርሃኑን በሌንስ ሰብስቦ ከሚልከው ኮንደንሰርና በትኖ ከሚያለሰልሰው ዲፊውዘር የትኛው ይሻላል ለሚለው ክርክር መልሴ አጭር ነው፤ ኮንደንሰሩ ኮንትራስት ይጨምራል፣ ጭረትና አቧራንም ያጎላል፤ ዲፊውዘሩ ይሸፍናል። ጥንቃቄ ለሚያንሰው፣ እንደ እኔ ላለው፣ ዲፊውዘር ይሻላል።

ከኢንላርጀሩ ይልቅ ሌንሱ ይከበር። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የትኩረት ርቀቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌንስ፣ ለ6 በ6 ሴንቲ ሜትር ኔጋቲቭ ደግሞ 80 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል፤ የኒኮን ኤል-ኒኮር፣ የሽናይደር ኮምፖኖን-ኤስ እና የሮደንስቶክ ሮዳጎን ሌንሶች ሁሉም ተፈላጊ ናቸው፣ ብዙዎቹም በ39 ሚሊ ሜትር ጥርስ ስለሚታሠሩ መለዋወጥ ይችላሉ። ሻጩን ሌንሱ ላይ በእጅ ባትሪ ከኋላ አብርቶ ፎቶ እንዲያነሣ እጠይቀዋለሁ፤ ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር፣ ጭጋጉ እንደ ትንፋሽ ሆኖ ይታያል። ሥራ ላይ ሌንሱ ከሙሉ ክፍቱ ሁለት ደረጃ ይዘጋል። መሣሪያው መተከሉም ከመግዛቱ እኩል ነው፤ የወረቀቱ ጠረጴዛ፣ የሌንሱ ሰሌዳና የኔጋቲቭ መያዣው ትይዩ መሆናቸው በግንበኛ ውኃ ልክ ይረጋገጣል፣ አለበለዚያ ከአራቱ ማዕዘን አንዱ ሁልጊዜ እየደበዘዘ ሰው ጥፋቱን በሌንሱ ላይ ያስባል።

ትሪ፣ ቴርሞሜትር፣ መስፈሪያ፣ መቆንጠጫ ከየትም ቢገዛ ልዩነት የለውም፤ ለኬሚካል የተለየው ለምግብ እንዳይመለስ ብቻ ይጠበቅ፣ መቆንጠጫዎቹም ለየትሪው አንድ አንድ ሆነው በቀለም ይለዩ።

ከመለዋወጫዎቹ ሁሉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ አንድ ትንሽ ዕቃ ቢኖር የፎከስ ማጉያ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የኔጋቲቩን ፍሬ (ምስሉ የተሠራበትን ቅንጣት) ራሱን አጉልቶ ስለሚያሳይ፣ በዓይን ግምት ከመመራት ያድናል። ከሥሩ ነጭ ገጽ ያስፈልገዋል። ለዚህ ሥራ የማውለው ያን እንደ ሲሚንቶ የጠቆረብኝን አሮጌ ወረቀት ነው፤ ኢመልሽኑን ወደ ታች ገልብጬ ጀርባውን ማጉያው ሥር አነጥፋለሁ፣ ሲቆሽሽም ሌላ እተካለሁ። ከመቶው ገና ከዘጠና በላይ ቀርተውኛል።